ከወንዙ ማዶ ያለው መዝገብ

ዳንሞር ካውንቲ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1976

ለተከበሩ ሚስ ዩዶራ ኮብ
ዲትሮይት

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሥራዎ እንዴት ነው? እኛ በጌታ ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። ወገቤን አልፎ አልፎ ያዝ ያደርገኛል እንጂ ሌላ ክፉ የለም።

እኔ ሎንዞ ነኝ፣ የኤሞስ ራትሊፍ ልጅ። ምናልባት አያስታውሱኝም። እናትዎ አክስቴ ቤሲ እርስዎንና ወንድምዎን ይዘው ለአያታችን ለኢላይጃ ቀብር የመጡ ጊዜ፣ የበቅሎው በረት አጥር ላይ ተቀምጦ የሳቀብዎ ልጅ እኔ ነበርኩ። ነጭ ጫማ አድርገው ቀዩ ጭቃ ውስጥ ገብተው ነበር። ዛሬ ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያን የሚያህል አስቂኝ ነገር አላየሁም።

ሁለታችንም የኢላይጃ የልጅ ልጆች ነን፤ ግን ከሁለት ቤት ነን። እኔ የፊተኛዋ የማሃላ፣ እርስዎ የኋለኛዋ የኮሪን። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ሰሜንና ደቡብ ሆነን ደብዳቤ እንኳ ሳንጻጻፍ አረጀን። ዛሬ የጻፍኩልዎ ጨንቆኝ ነው፤ አልዋሽዎትም።

ባለፈው ሳምንት በከተማው ጋዜጣ ማስታወቂያ ወጣ። የፓስተራችን ሚስት ባታሳየኝ አላየውም ነበር፤ እኔ ጋዜጣ የማውቀው ለዓሣ መጠቅለያ ነው። አንድ የእንጨት ኩባንያ ሰሜን ካሉት ወራሾች ከአንዱ ድርሻ ገዝቻለሁ ይላል። ድርሻው ተለይቶ ስላልታወቀ የአያታችን መሬት በሙሉ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ በሐራጅ ይሸጥልኝ ብሎ አመልክቷል። ይህም አልበቃው። የማሃላ ዘሮች ወራሾች አይደሉም፣ ኢላይጃ ማሃላን በሕግ ስለማግባቱ ማስረጃ የለም ይላል። እኔና እህቴ ኦላ ተወልደን ባረጀንበት ቤት እንግዳ ሆነን አረፍነው።

አያታችን ኑዛዜ እንዳልጻፈ ያውቃሉ። ‹‹ለማንም ካልጻፍኩት የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነውን ደግሞ ማን ደፍሮ ይሸጠዋል?›› ይል ነበር። የዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ጠበቃችን ሚስተር ፕራት ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ለድሃ በነፃ የሚቆም። ‹‹ሕጉ ተቃራኒው ነው ሚስተር ራትሊፍ፤ የሁሉም የሆነውን እያንዳንዱ መሸጥ ይችላል›› አለኝ። አያታችን ቤቱን የዘጋ መስሎት በሩን ገርበብ አድርጎ ሞተ።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ የአክስቴን የቤሲን የሞት ማስረጃ ከዚያ ካለው የካውንቲ ጽሕፈት ቤት አውጥተው ቢልኩልኝ። ሁለተኛ፣ ኢላይጃና ማሃላ የት እንደተጋቡ ከአያትዎ የሰሙት ነገር ካለ ቢነግሩኝ። የኛዎቹ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ተኝተዋል፤ የምጠይቀው የለም። ድርሻውን የሸጠውን ሰው ስም ጠበቃችን ከመዝገቡ አንብቦ ነግሮኛል። እዚህ ላይ አልጽፈውም።

እስከ አሁን ያቆየን አምላክ እርስዎንም በደህና ያቆይልኝ።
ሎንዞ


ዲትሮይት፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1976

ይድረስ ለሎንዞ ራትሊፍ

የጌታ ሰላም ከአንተና ከእህትህ ጋር ይሁን። በመዘግየቴ አትቀየመኝ። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ የበሽተኛ አንሶላ ደግሞ እሑድ አያውቅም። ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ሌላው ደህና ነው። ነጩን ጫማ በማንሳትህ ግን አልተደሰትኩም። እናቴ በጫማው የተነሳ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ስትቆጣኝ ሄዳለች።

የእናቴን ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በቀላሉ እንዳልተገኘ እወቅልኝ። ወረፋው ደረጃውን ወርዶ መንገድ ደርሶ ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ‹‹ለሟቿ ምኗ ነሽ?›› አለኝ።

‹‹ልጇ።››

‹‹ልጇ ለመሆንሽ ማስረጃ?››

‹‹ፎቶዋን ላሳይህ፣ አፍንጫችንን አስተያየው።››

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ‹‹ቀጣይ!›› አለ። በሌላ ቀን የልደት ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩ። ልጅነትም በማኅተም ሆኗል።

ስለ ሌላው ጥያቄህ፣ አያቴ ኮሪን ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም ነበር። የእሷ የጋብቻ ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው፤ እሱን አይቻለሁ። ስለ ማሃላ የማውቀው የለም።

የሻጩን ስም መደበቅህ ግን ገርሞኛል። ያ መዝገብ ለመጣ ሁሉ የሚከፈት አይደለም እንዴ? ካወቅህ ንገረኝ እንጂ ምን ያሽኮረምምሃል?

ደህና ሁን። በረዶው ዘንድሮ ቶሎ የሚመጣ ይመስላል።
ዩዶራ


ዳንሞር ካውንቲ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1976

ለተከበሩ ሚስ ዩዶራ

የተላከው ወረቀት ደርሶኛል፤ እጅዎ ይባረክ። ስለ ጫማው ሁለተኛ አላነሳም።

ጠበቃው ‹‹የአያትህን ጋብቻ ራስህ ፈልግ፤ ቤተ ዘመዱን የምታውቅ አንተ ነህ›› ስላለኝ ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። አባቴ ኤሞስ ‹‹ስምህን እዚያ ቤት አታስገባ፤ የኛ ሰው ስም ገብቶ በደህና አይወጣም›› እያለ ነው ያሳደገኝ። ግብር ልከፍል ብቻ በጎን በር፣ በጥቁሮች በር፣ እገባ ነበር። ዛሬ ማንም አይከለክለኝም። እግሬ ግን ሳላዘው ወደ ጎን በሩ ወሰደኝ። በሩ ተዘግቷል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ገጥመውበታል። እዚያ ቆሜ ለብቻዬ ስቄ፣ ዞሬ በፊት ለፊቱ ገባሁ።

ጸሐፊዋ ወጣት ነጭ ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም።

‹‹የአያቴን ጋብቻ ፈልጌ ነበር›› አልኳት።

‹‹በስንት ዓመተ ምሕረት?››

‹‹አባቴ ከመወለዱ በፊት ነዋ!››

ትንሽ ፈገግ አለችና ‹‹መዝገቡ ግን የ...›› ብላ ቆመች፤ ፊቷ ደም መሰለ። ‹‹ማለቴ... ድሮ ለየብቻ ነበር የሚመዘገበው። ሁለት መዝገብ ነው ያለን።››

‹‹ልጄ፣ ፊቴን አይተሽ አንዱን ምረጪልኛ›› አልኳት።

የነጮቹ መደርደሪያው ላይ ነው። የኛን ከምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ክፍል አስወጣችው፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችልኝ። ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ 1907 ይላል። ኢላይጃና ኮሪን በ1912 ተጋብተዋል፣ ጥርት ብሎ ተጽፏል። ማሃላ ግን የለችም። ደጋግሜ አገላበጥኩ።

‹‹ከዚህ በፊት ያለውስ?››

‹‹ከዚህ በፊት ምንም የለንም፤ የነጮቹም የሚጀምረው ከዚሁ ነው›› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም መደርደሪያውን አየሁት።

እንግዲህ የሻጩን ስም ጠይቀውኛል። ሊዮን ኮብ ይላል። ወንድምዎ ነው። ያልጻፍኩልዎ ከኔ ቀድመው ከእሱ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነበር።

ሌላም አለ። ጠበቃው እንደሚለው ኩባንያው ለኮሪን ዘሮች በሙሉ ሳይጽፍ አይቀርም። የማሃላ ወገን ከወጣ የእናንተ ድርሻ ይጨምራል፤ በዚያ ያባብላችኋል አለ። ለእርስዎ ጽፈው ይሆን? ቀጠሮው ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው።

ጌታ ከክፉ ይጠብቅዎ።
ሎንዞ


ዲትሮይት፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1976

ለሎንዞ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ኮቴን ደርቤ ሊዮን ቤት ሄድኩ። ታናሼ ነው፤ እናቴ ሥራ ስትውል ፀጉሩን አበጥሬ ትምህርት ቤት የሰደድኩት እኔ ነኝ። አዲስ መኪና ደጁ ቆሟል። ሲያየኝ ጊዜ ገባው።

‹‹የአያታችንን መሬት ሸጥክ?››

‹‹የቱን መሬት?›› አለኝ። ‹‹ለእኔ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ወተቱን ቀምሼ አላውቅ።››

‹‹ሰው ይኖርበታል ሊዮን! የኤሞስ ልጆች አሉበት!››

‹‹የመጡት ሰዎች ስለ ሰው አላነሱም። ዛፍ ነው ያሉኝ።››

‹‹አንተስ አልጠየቅህም?››

‹‹አንቺስ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጽፈሽላቸዋል?››

በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ብዬው ወጣሁ። የመጨረሻው ነገሩ ግን እስከ አሁን ይከነክነኛል፤ እውነት ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ኩባንያው ጽፎልኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። ብዙ ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ ሁሉንም አልከፍትም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርህ። ኮሪን የሕግ ሚስት ነበረች። አንተው በዓይንህ አንብበሃል። የአንተን አያት ከፍ ለማድረግ የእኔን አያት ዝቅ የሚያደርግ ነገር ከእኔ አትጠብቅ። አስታምሜ፣ አጥቤ፣ ገንዤ ነው ወደዚያ የላክኋት።

ዩዶራ


ዳንሞር ካውንቲ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1976

ለተከበሩ ሚስ ዩዶራ

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ልቤ ግን እንደ ወትሮው አይደለም።

ኮሪንን ዝቅ ያድርጉልኝ ብዬ መቼ ጻፍኩልዎ? ደብዳቤዎቼ እጅዎ ላይ ናቸው፣ ይዩአቸው። እኔ የጠየቅሁት ማሃላ የት እንዳገባች ነው። ሰው ያልተጠየቀውን ሲመልስ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ኦላ ደብዳቤዎን ሰምታ ‹‹ታውቃለች! ይህች ሴትዮ ታውቃለች!›› እያለች ምጣዱ ላይ ያለውን ዓሣ አሳረረችው።

እኔ ማሃላ ጭን ላይ ተቀምጬ አድጌአለሁ። ኢላይጃ ሌላ ሴት ማየት ሲጀምር አባቴን አዝላ ሳይሆን እጁን ይዛ፣ ከእህቷ ቤት ገባች፤ አባቴ ወደዚህ መሬት የተመለሰው ኋላ አግብቶ ነው። ልጅ ሆኜ ነው የሞተችው። ኢላይጃ ራሱ መጥቶ ‹‹ከመሬቴ ትቀበር›› ብሎ ለመነ፤ አባቴም እሺ አለ። አሁን ሁለቱ ሴቶች በአንድ መቃብር ስፍራ፣ በሁለት ጥግ ተኝተዋል። በሕይወት ሰላም አይባባሉም ነበር አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ የኩባንያው ቀያሾች መጡ። በዛፎቻችን ላይ ሮዝ ጥብጣብ እያሰሩ ዞሩ። መቃብሩ አጠገብ ባለው ትልቁ ፒካን፣ የለውዙ ዛፍ ላይም አሰሩ። ኦላ መጥረጊያ ይዛ ወጣችባቸው። አንዱ ‹‹እማማ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው›› አላት። ‹‹እኔም የታዘዝኩትን ነው!›› አለችና ጀርባውን አቀመሰችው። ይህን ለጠበቃው አልነገርነውም።

ሚስ ዩዶራ፣ እኔ ከዚህ ቤት ብወጣ የት እንደምገባ አላውቅም። ነገሩ ይኸው ነው። የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ፤ የማይነግሩኝ ከሆነም አልነግርህም ይበሉኝ፣ እኔም መጠበቄን ልተው።

ከዚያው ዛፍ የወረደ ፒካን በጫማ ካርቶን ልኬአለሁ። ዘንድሮ ፍሬው ወፍራም ነው። በዚህ ቤት ለሰሜን ዘመድ ፒካን ሳይላክ ገና አይከበርም፤ ብንጣላም።

ሎንዞ


ዳንሞር ካውንቲ፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1976

ለሚስ ዩዶራ

እንደምን ከረሙ? ፒካኑ ደርሶ ይሆን? ደብዳቤዬ ከፍቶብዎት ከሆነ ስለ ቃሉ እንጂ ስለ እውነቱ ይቅርታ አልጠይቅም።

ቀጠሮው ቀርቧል። ጠበቃው ‹‹ወረቀት ከሌለን አፍ ብቻ ይዘን ነው የምንገባው›› ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም። መልካም አዲስ ዓመት።

ሎንዞ


ዲትሮይት፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1977

ለወንድሜ ለሎንዞ

እግዚአብሔር አንተንም ኦላንም በጤና ያቆያችሁ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

ፒካኑ ደርሷል። የመጀመሪያውን ሰብሬ ስበላ አለቀስኩ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ አልነግርህም፣ አንተው ታውቀዋለህ። በማግስቱ ሥራ አልሄድኩም። ተቀምጬ ወደ ቤክስሊ ካውንቲ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ።

ቤክስሊ ምን አገናኘን ትለኝ ይሆናል። ኮሪን ልትሞት ሰሞን እኔ ቤት ነበረች። አንድ ቀን ሾርባ ሳጎርሳት ማንኪያውን በእጇ ገፋ አድርጋ ‹‹የእሷ ወረቀት ከእኔ ይቀድማል›› አለችኝ።

‹‹የማን?›› አልኳት።

‹‹የማሃላ። ወንዙን በጀልባ ተሻግረው ቤክስሊ ሄደው ነው የተጋቡት። ያኔ ዳንሞር የሚባል ካውንቲ የት ነበር? ይህ ሁሉ አገር ቤክስሊ ነበር። ኋላ ነው ቆርሰው ዳንሞር ያሉት።››

‹‹ታዲያ ፈትቷታል?››

‹‹ትታው ሄደች እንጂ ማን ፈታ? አዲስ ካውንቲ፣ አዲስ መዝገብ ነው፤ ማንም አያየውም አለኝ። እኔም ወደድኩት። ለማንም አትንገሪ።››

ነገሩ ይኸው ነው ሎንዞ። አያታችን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው የካውንቲው ድንበር ነው። ያቺ ልጅ ከ1907 በፊት ምንም የለንም ስትልህ አልዋሸችህም፤ ከዚያ በፊት ካውንቲውም አልነበረም። ያለፈው መዝገብ የቀረው ከእናትየው ካውንቲ፣ ከወንዙ ማዶ ነው።

መልሱ ከገና በፊት መጣ። ፖስታውን ከማቀዝቀዣው ጀርባ ወሽቄ በዓሉን አሳለፍኩ። አጠገቡ የኩባንያውም ደብዳቤ ነበረ፤ አዎ፣ ደርሶኝ ነበር፤ ማሃላ ከወጣች ምን ያህል እንደማገኝ አስልተውልኛል። ሁለቱን እያየሁ ቡናዬን እጠጣ ነበር። ከዚያ ያንተ አጭሯ ደብዳቤ መጣች። ስድብ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። የቤክስሊውን ከፈትኩት። ኢላይጃ ራትሊፍ ከማሃላ ቲብስ ጋር፣ 1891። በኋላ በሁለቱም ካውንቲ ፍቺ ይፈለግልኝ ብዬ ስልክ ደወልኩ፤ ተፈልጎ የለም አሉኝ።

ለጠበቃህም ደወልኩለት። ልጁም ‹‹ሚስ ኮብ፣ ይህ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ገብቶዎታል? ማሃላ በሕይወት እያለች ፍቺ ከሌለ፣ የአያትዎ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም ብዬ ልከራከር ነው። ያኔ ወንድምዎ የሸጠው የሌለውን ነው። እርስዎም...›› አለኝ።

‹‹ልጄ፣ እኔ አንሶላ አጣቢ ነኝ፤ እድፍ ሳይ አውቃለሁ›› አልኩት።

ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ለእሱ በአደራ ፖስታ ልኬለታለሁ። አንዱ ላንተ ከዚህ ጋር ነው። የኩባንያውን ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ከእንግዲህ በዚያ መሬት ላይ በሕግ የማንም ምንም አይደለሁም። ያሳደገችኝን፣ ምስጢሯን ለእኔ ብቻ ያወጣችውን ሴት ከሚስትነት አወረድኳት። አንተ ግን በሕይወት አለህ፤ ቤትህ ውስጥ ነህ። እሷ ካለችበት የባሰ ነገር አይደርስባትም ብዬ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ እሷ ፊት ስቆም እሰማዋለሁ።

አታመስግነኝ። አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ። ድንጋይዋ ላይ ‹‹ኮሪን፣ የኢላይጃ ራትሊፍ ሚስት›› ይላል። እናቴ ሌሊት ስትሰፋ አድራ ያሠራችው ነው። ዳኛው የፈለገውን ይበል። ያንን ድንጋይ ማንም እንዳይነካብኝ። ኦላንም ጭምር ነው የምልህ።

ደግሞ ‹‹ሚስ፣ ሚስ›› ማለትህን ተው። የአክስትህ ልጅ ነኝ፤ አንቺ በለኝ።

ዩዶራ


ዳንሞር ካውንቲ፣ ማርች 3 ቀን 1977

ለአክስቴ ልጅ ለዩዶራ

ሰላምሽ ይብዛ። ጉልበትሽን ጌታ ያጽናልሽ። አታመስግነኝ ስላልሽ አላመሰግንሽም፤ ኦላ ግን በየእሑዱ ጸሎት ላይ ስምሽን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ እሷን ዝም በይ ማለት ያንቺ ድርሻ ነው።

የፍርድ ቤቱን ነገር በስልክ ሰምተሻል፤ ጠበቃው ያላየውን ልንገርሽ። ከቀጠሮው በፊት ለብቻዬ በድልድዩ ተሻግሬ ቤክስሊ ሄድኩ። መዝገቡን አውጡልኝ አልኳቸው፤ አወጡልኝ። ማሃላ በእጇ መስቀል ምልክት አድርጋለች፣ መጻፍ አትችልም ነበርና። ምልክቷ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ሰውየው ‹‹መዝገቡን አይንኩ›› አለኝ። ‹‹አያቴ ናት›› አልኩት። ወደ ሌላ ሥራው ዞረልኝ።

በቀጠሮው ቀን ጠበቃችን ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ የኩባንያው ሰው ደጋግሞ አነበበው። ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። በሚቀጥለው ግን አልተመለሰም፤ ክሱን አንስቻለሁ ብሎ ወረቀት ላከ። እንዲህ በተደበላለቀ ነገር ላይ ዛፍ አንቆርጥም ብለው ነው አለ ፕራት። ከሊዮን ጋር ግን ገና ነገር አላቸው፤ መኪናውን ቢሸሽግ ይሻለዋል።

ጥብጣቦቹን እኔና ኦላ ፈታናቸው። እሷ ለገና ስጦታ መጠቅለያ ይሆነኛል ብላ አጥባ አስቀምጣቸዋለች።

አሁን ወደ ድንጋዩ። አልተነካም፤ አይነካምም። ይህን ለኦላ ስነግራት ግን ነገር ተነሣ።

‹‹ማሃላ ልጇን እየጎተተች ከቤቷ የወጣችው በዚያች ሴት አይደለም? አሁን ደግሞ ሚስት ተብላ ትቀመጥ?››

‹‹ማሃላ ከወንዙ ማዶ መዝገብ አላት። ማንም አይፍቃትም። ኮሪን ያላት ይህ ድንጋይ ብቻ ነው።››

‹‹አንተ ሁልጊዜ ለሰው ማዘን ነው!››

‹‹ዩዶራ ባታዝንልን የት ነበርሽ?››

ኦላ አኩርፋ ጓዳ ገባች። ከሰዓት በኋላ ሳያት በባልዲ ውኃና በብሩሽ መቃብሩ ጋ ተንበርክካ የኮሪንን ድንጋይ ትፈትጋለች። ‹‹ቆሽሾ ከሚያሳፍረን ብዬ ነው›› አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ተመካከርን። አያታችን ፈርቶ ያልጻፈውን እኛ እንጻፍ አልን። ከመቃብሩ ቀጥሎ ያለውን ጉብታ፣ ትልቁን ፒካን ጨምሮ፣ ለዩዶራ ኮብ ሰጥተናል ብለን በስምሽ ፈረምን። ቤት ብትሠሪበት፣ ብትቀበሪበት፣ ዝም ብለሽ ወንበር ብታስቀምጪበት ያንቺ ነው። ለሊዮንም የመቃብር ቦታ አይጠፋም፤ ሣሩን ግን ራሱ ይጨድ።

ድንበሩን ለመጻፍ ቀያሽ መጣ። መሬት ሲቀየስ ከማይነቃነቅ ነገር ነው የሚጀመረው፤ ሰውየውም የኮሪንን ድንጋይ መነሻ አደረገው። ‹‹ከመቃብር ድንጋይ ተነስቶ›› ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

‹‹ድንጋይ ብዙ ነው። የተጻፈበትን ጻፍ።››

‹‹ሙሉውን?››

‹‹አንድ ቃል ሳትቀር።››

ዛሬ ጠዋት ወስጄ ለዚያች ጸሐፊ ሰጠኋት። ስሜን እዚያ ቤት ሳስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አባቴ ይቅር ይበለኝ። ልጅቷ መዝገቡ ላይ ስታሰፍረው ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አልኳትና አነበበችልኝ፦ ‹‹ኮሪን፣ የኢላይጃ ራትሊፍ ሚስት፣ ከሚለው ድንጋይ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ...›› ማኅተሙንም መታችበት። ከእንግዲህ ዳንሞር ካውንቲ እስካለ ድረስ፣ ያንን መሬት የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ኦገስት ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ሰሜን የሄዱትን ሁሉ ወደ ቤት ይጠራል። ነጭ ጫማ አድርገሽ ነይ፤ አልስቅም። መዝገቡንም ራስሽ ማየት ከፈለግሽ አብረን እንሄዳለን፤ በፊት ለፊቱ በር ነው የምንገባው።

ወንድምሽ ሎንዞ